የሚጣ ቆሽት፦ ልጄን ስኳር ሲይዛት ያየሁትና የተማርኩት

ነገሩ የጀመረው ከፍራሽ ነው። ፍራሽ ማርጠብ ካቆመች አምስት ዓመት ያለፋት የዘጠኝ ዓመት ልጄ በአንድ ሳምንት ሦስት ሌሊት አረጠበች። እናቷ ተቆጣቻት። እኔም «ማታ ማታ ውኃ አታብዢ» አልኳት። እሷ ግን መተው አልቻለችም። ሌሊት በጨለማ ተነስታ ከጀሪካኑ ስትቀዳ እሰማታለሁ። አንድ ጣሳ ጠጥታ ትተኛለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትነሳለች።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ደምበጫ ነው። ልጄን እዚህ ላይ ሚጣ እያልኩ ልጥራት፤ ስታድግ እንዳትቀየመኝ።

ሰውነቷ እየቀለለ መጣ። የዩኒፎርሟ ቀሚስ ወገቡ ሰፍቷት እናቷ በመርፌ ቁልፍ ያዘችላት። እህል ግን አልጠላችም። እንዲያውም የወንድሟን ድርሻ ሳይቀር ትሻማ ነበር። እየበላች የምትከሳ ልጅ! አማቴ፣ እኛ እምዬ የምንላቸው፣ «ይቺን ልጅ ዓይን በልቷታል» አሉ። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አመጣ። እኔ ተማርኩ ባዩ ደግሞ ክሊኒክ ወሰድኳት። ደም ሰጠች፣ ታይፎይድና አሜባ ተባለ፣ ኪኒን ይዘን ተመለስን። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን የለካ አልነበረም። ክሊኒኩን ለመውቀስ አይደለም። ያን ቀን እኔም «ስኳሯን ለኩልኝ» ማለት አላወቅሁም። ስኳር የትልልቅ ሰው በሽታ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

በአራተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች። ሆዴን፣ ሆዴን ትላለች። ከዚያ አተነፋፈሷ ተለወጠ። ሮጣ እንደመጣች ልጅ በረጅሙ ትስባለች፤ ሳል ግን የላትም። ጠጋ ስል ትንፋሿ እንደ በሰለ ሙዝ ሸተተኝ። ሚኒባስ ተኮናትረን ደብረ ማርቆስ ገባን። ድንገተኛ ክፍል የነበረችው ነርስ ገና በር ላይ እንዳየቻት «ውኃ ይጠማታል? ሽንት ታበዛለች?» ብላ ጠየቀች። ጣቷን ወጋች። ጠብታዋን ስትሪፑ ላይ አስነካች። ማሽኑ ወደ ኋላ ቆጠረ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። መጨረሻ ላይ ቁጥር አላወጣም። «ሃይ» የሚል ብቻ አሳየ።

«ማሽኑ ሊቆጥር ከሚችለው በላይ ነው ማለት ነው» አለችኝ።

የቁጥር ሰው ነኝና፣ ቁጥር የሌለው መልስ እንደዚያን ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም።

የሚጣ ስኳር ዓይነት አንድ የሚባለው ነው። ያን ቀን የደረሰባትን አደጋ ደግሞ ዲኬኤ ይሉታል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ደም ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ያቅተዋል። ስለዚህ ስቡን ማቃጠል ይጀምራል። ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን ይበክላል። የሙዝ ሽታውም፣ ማስመለሱም፣ ያ ረጅም ትንፋሽም ከዚያ የመጣ ነው። ቶሎ ካልተደረሰበት ይገድላል። ለእኛ ተደርሶልናል። በደም ሥሯ ፈሳሽና ኢንሱሊን ሲገባ ሰነበተና በሦስተኛው ቀን «ቆሎ አምጡልኝ» አለች። እናቷ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ውኃ የሚያበዛ፣ ሽንት የሚያበዛ፣ እየበላ የሚከሳ፣ ትቶት የነበረውን ፍራሽ ማርጠብ እንደገና የጀመረ ልጅ ካያችሁ፣ ያኑ ዕለት ጣቱ ይወጋ። ነገ አትበሉ። በባዶ ሆዱ መሆን አለበት ብላችሁም አታሳድሩት።

ቤት ስንመለስ «ምን ሆና ነው?» የሚለው ጥያቄ ጠበቀን። አንዱ ከረሜላ አለ፣ ሌላው ድንጋጤ። ባለቤቴ በእርግዝናዋ ወራት የበላችውን ሁሉ መቁጠር ጀመረች። እኔ ደግሞ በደመወዝ ቀን ስመለስ የምገዛላትን ብስኩት አሰብኩ።

መልሱን ያገኘሁት ከዶክተሩ ነው። እኛ ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ቆሽት የት እንዳለ ሳላውቅ ስንቴ አርሮብኛል! ዶክተሩ የመድኃኒት ማዘዣ ገልብጦ ሣለልኝ። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ ረዘም ያለ ነገር ነው። ውስጡ ላይ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ አደረገ። «ጣናን አስብ፤ እነዚህ ደሴቶቹ ናቸው» አለኝ። እነዚህን ደሴቶች መጀመሪያ ያያቸው ፖል ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869። እዚያ ላይ የሚኖሩት ቤታ ሴሎች ኢንሱሊን ይሠራሉ። የሚጣን ቤታ ሴሎች የፈጃቸው ከረሜላ አይደለም። የገዛ ሰውነቷ ዘብ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸው ከውጭ የገባውን ጀርም ማደን ነው። በዚህ በሽታ ግን ዘበኛው ባለቤቱን ሌባ መስሎት ይተኩስበታል። የሚጣ ቆሽት እውነትም አርሯል፤ ያሳረረው ግን ንዴት አልነበረም።

ይህ እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1974 ጂያን ፍራንኮ ቦታዞና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ የአንዳንድ ታማሚዎችን ደም መርምረው እነዚያኑ ደሴቶች ዒላማ ያደረገ ፀረ አካል (የሰውነት ዘብ ባዕድ ያለውን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) አገኙ። ዛሬ በላቦራቶሪ በዋናነት የሚፈለጉት ፀረ አካላት አራት ናቸው፤ አንዱ ራሱን ኢንሱሊንን ዒላማ የሚያደርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ፀረ አካል የተገኘባቸውን ሕፃናት ተከታትሎ ነበር። ከ100ው 70 ያህሉ በአሥር ዓመት ውስጥ በስኳር ተይዘዋል። ይህ ማለት ውኃ ጥሙ ከመምጣቱ ከወራት፣ ብዙ ጊዜም ከዓመታት በፊት ቃጠሎው ውስጥ ለውስጥ ተያይዟል ማለት ነው። ምልክቱ ብቅ ሲል አብዛኛው ቤታ ሴል አልቋል።

ለባለቤቴ ይህን ስነግራት እንጀራ እየጋገረች ነበር። ምጣዱን ከደነችና «ያ ሁሉ ጊዜ? እኛ ሳናውቅ?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እርግዝናዋ አንስታ አታውቅም። ሳይንስ ቤታችን ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፤ ጥፋተኛ ፍለጋውን አስቆመልን።

ዘበኛውን ምን እንዳሳሳተው ገና ሙሉ መልስ የለውም። ዘር ድርሻ አለው። ኤችኤልኤ የሚባሉ፣ የሰውነት ዘብ የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ጂኖች አሉ፤ ትልቁ ድርሻ የእነሱ ነው። ዘር ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ዓይነት መንትዮች ሆነው አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚጨመር ነገር አለ፤ በብዛት የሚጠረጠሩት ሆድ ውስጥ የሚራቡ ኢንትሮቫይረስ የሚባሉ ቫይረሶች ናቸው። ይህ ሁሉ ጥናት የፈረንጅ ነው እንዳትሉ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በአማራ ሕዝብ ላይም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ፈረንጆቹ ላይ የታወቀው የኤችኤልኤ ጉዳይ እኛም ጋ ተገኝቷል። በነገራችን ላይ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ከሲታ ወጣት ሁሉ የሚጣ ዓይነት በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዝ ሌላ ዓይነት አለ። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት አምስት» የሚል ስም ሰጥቶታል።

አሁን የማፍርበትን ልናገር።

ከሆስፒታል ከወጣን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ የሚጣ ስኳር መውረድ ጀመረ። ዶክተሩ የኢንሱሊኑን መጠን ቀነሰ። ቀጥሎ ባለው ቀጠሮ እንደገና ቀነሰ። በዚያው ሰሞን እምዬ ጠበል ይዘዋት ይመላለሱ ነበር። ጠዋት ስንለካ 95። ማታ 110። የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። እምዬ እልል አሉ። እኔም ቁጥር አማኝ ነኝና፣ በልቤ «ድናለች» አልኩ። ዶክተሩ «ቢቀንስም እንዳታቋርጡ» ብሎን ነበር። አቋረጥን።

ዘጠኝ ቀን ደህና ሰነበተች። በአሥረኛው ቀን ማታ ጀሪካኑ ጋ ስትሄድ ሰማኋት። ያ የጣሳ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እስኪነጋ አልጠበቅሁም። ለካሁ፤ 480። በማግስቱ ያው ሆስፒታል፣ ያው አልጋ።

ዶክተሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የጫጉላ ጊዜ ይባላል» አለኝ። መርፌ ሲጀመር፣ በሕይወት የተረፉት ጥቂት ቤታ ሴሎች ከጭንቅ እፎይ ይሉና ትንሽ መሥራት ይጀምራሉ። ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የዳኑ ይመስላል። ዘበኛው ግን መተኮሱን አላቆመም። የቀሩትንም ይጨርሳቸዋል።

በዚያ ጊዜ ቅጠል ያጠጣት ሰው ቅጠሉ አዳናት ይላል። ጠበል የወሰዳትም ጠበሉ። ጠበል አልቃወምም፤ ቤተሰቤም እኔም ክርስቲያን ነን። የንስሐ አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ያሉን እንዲህ ነው፦ «ጠበሉም የእሱ ነው፣ መርፌውም የእሱ ነው። አንዱን አስጥሎ አንዱን ያዝ ያላችሁ ማነው?» አሁን ሚጣ ጠበል ስትሄድ ኢንሱሊኗም አብሮ ይሄዳል። ከጾምም ገና ሳንጠይቃቸው ነበር ሚጣን ነፃ ያደረጓት።

ይህ የጫጉላ ጊዜ ነገር ከያዘኝ በኋላ የምርምሩን ወሬ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ምክንያቱም የተመራማሪዎቹ ትግል በአብዛኛው እዚሁ ላይ ነው፤ የተረፉትን ሴሎች ማቆየት። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሳይክሎስፖሪን በሚባል፣ ኩላሊት የተቀየረለት ሰው በሚወስደው መድኃኒት ሞክረው ነበር። ዘበኛውን በሙሉ ያደነዝዛል። አንዳንዶቹ ታማሚዎች ለጊዜው መርፌ እስከመተው ደረሱ። ግን መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሲቆም ደግሞ በሽታው ይመለሳል። ተዉት። መንገዱ ግን ታየ። በሽታው የመከላከያው ስህተት ከሆነ፣ መከላከያውን መንካት ይሠራል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ ነገር ቴፕሊዙማብ ነው። ዘበኛውን በሙሉ አያስተኛም፤ ቲ ሴሎቹ ላይ ተጣብቆ ተኩሱን ያበርደዋል። በ2019 በታተመው ሙከራ 76 ሰዎች ተካፍለዋል። ፀረ አካል የተገኘባቸው፣ ስኳራቸው መዛባት የጀመረ፣ ግን ገና ያልታመሙ ናቸው። ከእነሱ ለ44ቱ መድኃኒቱ ለ14 ቀን በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። ካልወሰዱት ጋር ሲተያይ በሽታው ለሁለት ዓመት ያህል ዘገየ። በኅዳር 2022 አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከስምንት ዓመት ጀምሮ ላሉ ተፈቀደ። ልብ በሉ፤ አዘገየ ነው፣ አዳነ አይደለም። ደግሞም የሚሰጠው ከመታመም በፊት ነው። እኛ ጋ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ በሚጠፋበት አገር ማን ፀረ አካሉን መርምሮ ያገኘዋል? ቢሆንም ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ መርፌ ሳይወጋ አሥር ዓመት ሲሞላው ማለት ነው። እንደ አባት ያ ቢሰጠኝ እቀበል ነበር።

ሌላም አለ። ቬራፓሚል የሚባል የቆየ የደም ግፊት ኪኒን በ2023 በወጣ ጥናት፣ ገና በታመሙ ልጆች ላይ ተሞክሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የራሳቸው ኢንሱሊን ኪኒኑን ካልወሰዱት በ30 በመቶ ገደማ ተሽሎ ተገኘ። ይህን ሳነብ ፋርማሲ ሮጬ ልገዛ ዳድቶኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው ዶክተሩ አስቆመኝ። የልብ ምትና ግፊት የሚነካ መድኃኒት ነው። በዚያ ላይ መርፌ አያስተውም። እናንተም እንዳትሞክሩት። በ2025 ደግሞ ከግንድ ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ከሚችል ሴል) የተሠሩ ደሴቶች ለ12 ሰዎች ተሰጥተው አሥሩ በዓመቱ ኢንሱሊን ተዉ። ነገር ግን አዲሱን ሴል ዘበኛው እንዳይበላው በየቀኑ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳሉ። ለሕፃን የሚመከር ልውውጥ አይደለም።

ብዙ ያስቸገረን ግን ቢሲጂ የሚባለው የቲቢ ክትባት ወሬ ነው። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም «ስኳር በቢሲጂ ክትባት መዳን ጀመረ!» ብሎ ላከልኝ። ወሬው ከምንም አልተነሳም። ዴኒስ ፋውስትማን የምትባል ቦስተን ያለች ተመራማሪ በመጀመሪያ በአይጥ ላይ፣ ቀጥሎ በሰው ላይ ስታጠናው ቆይታለች። በ2018 ያወጣችው ውጤት በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ታማሚዎቹ ዓመታት የቆየባቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ተደጋጋሚ ክትባት ወስደው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ወረደ። ኢንሱሊን ግን መውሰዳቸውን አልተዉም። ሌሎች ተመራማሪዎች ገና በብዙ ሰው ይረጋገጥ ይላሉ። አይጥ ላይ የዳነ ስኳር ብዙ ነው፤ አይጦቹ ታድለዋል! የሚጣን እጅጌ ሰብስቤ ክንዷን አየሁት። ስትወለድ የተከተበችው የቢሲጂ ጠባሳ እንደ ምስር ፍሬ ቁጭ ብሏል። ለእሷ አልከለከለላትም። ለአክስቴ ልጅ የጠባሳውን ፎቶ ላኩለትና ወሬው በዚያው ቀረ።

እስከዚያው ያለን ኢንሱሊን ነው። ባንቲንግና ቤስት በ1921 ቶሮንቶ ያገኙት፣ በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ የተወጋው። ከዚያ በፊት ለእንዲህ ያለ ልጅ የነበረው ሕክምና ምግብ ከልክሎ ቀኑን ማራዘም ነበር። ይህን ሳስብ መርፌው ይቀለኛል።

ቤት ውስጥ የምናደርገውንም ልንገራችሁ። ፍሪጅ አለን፤ መብራት ግን አንተማመንበትም። ስለዚህ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስቀምጠን መሐሉን በአሸዋ ሞልተናል። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ እናጠጣዋለን። ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ይገባል፤ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ቆንጆ ይቀዘቅዛል። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ግን ይጣላል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። አዲስ አበባ ስንሄድ አባይ በረሃ ላይ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለን ከእግራችን ሥር እንይዘዋለን። አንድ ጊዜ ሾፌሩ «ዳሽቦርድ ላይ አድርጉት» ሲለን ባለቤቴ ልትመታው ምንም አልቀራት። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ የአንድ ወር ትርፍ ሳንይዝ አናድርም።

ሁለቱን የኢንሱሊን ዓይነቶች ሲቀላቅሉ ጥርት ያለው ቀድሞ ይቀዳል፣ ደመናማው ይከተላል። ደመናማው ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መሐል ቀስ ብሎ ይሽከረከራል እንጂ አይናጥም። ሚጣ ይህን አሁን ራሷ ታደርጋለች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ መስመሯን ቆጥራ። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ አብሬ እቆጥራለሁ። መውጊያ ቦታውን በየቀኑ እንቀያይራለን፤ ያለዚያ ቆዳው ይጠጥራል።

ስኳር ሲወርድባት ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። የአንዷ ጓደኛዋ ኪስ ውስጥ ከረሜላ ነበር። አስቀድሜ ለክፍሏ ልጆች ነግሬ ስለነበር ወዲያው አጎረሰቻት። ቤት ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠን እንሰጣለን። 15 ደቂቃ ቆይተን እንለካለን፤ ካልወጣ እንደግማለን። ራሱን ለሳተ ልጅ ግን ምንም አታጠጡ፤ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ትንሽ ማር ድዱ ላይ ቀቡና ወደ ሕክምና ሩጡ። ሚጣን ይህ አላጋጠማትም።

ስለ ታናሽ ወንድሟ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በአውሮፓና በአሜሪካ በተጠኑ ቤተሰቦች የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድሉ ከ100 አምስት ገደማ ነው። ሒሳቡን ገልብጬ ለባለቤቴ አስረዳሁ፤ 95ቱ አይያዙም። እሷ ግን አምስቱን ነው የምታየው። እውነቱን ለመናገር እኔም።

ባለፈው ሰኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ፍራሽ አረጠበ። ባለቤቴ አልተቆጣችም። ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ማሽኑን አመጣሁ፣ በእንቅልፍ ልቡ እያለ ጣቱን ወጋሁት። ጮኸ። ሚጣ ነቅታ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። አምስት፣ አራት፣ ሦስት።

94።

ለካ ማታ እምዬ ጋ ሁለት ብርጭቆ አብሽ ጠጥቶ ነበር። ሚጣ «እኔ በቀን ስንቴ እወጋለሁ፣ አንተ በአንዷ ታለቅሳለህ?» አለችውና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተኛች።